‘ኪፕ’ ያልተባለበት መስቀል

“ክፈቺው እንጂ ልጄ! ቅቤ እስከ መቼ ይቀመጣል?” አሉ እትዬ ወለተ ሐና፣ የቆጮ መክተፊያ ቢላዋቸውን በቤቱ ጥግ ወዳለው ማሰሮ እየቀሰሩ።

“አልከፍትም” አለች ዘርፈሽዋል ቀና ሳትል። “ባለቤት አለው። ሲመጣ ራሱ ይከፍተዋል።”

አሮጊቷ ወደ መክተፊያቸው ተመለሱ። ሌሎቹም ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው መክተፋቸውን ቀጠሉ።

የ1931 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ነው። ከቡታጅራ ገበያ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ መንደር ሴቶች ለበዓሉ የሚሆነውን ቆጮ፣ ቃጫው እስኪደቅ ድረስ፣ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ እየዞሩ በጋራ ይከትፋሉ። ሥራው ክንድ ይሰብራል፤ የሚያስችለው ወሬው ነው። የማን ባል ምን ይዞ መጣ፣ የማን ባል ወፈረ፣ የማን ባል የከተማ አማርኛ እየቀላቀለ ሚስቱን አደናገረ እየተባለ ሲሳቅ ይመሻል። አዲስ አበባ የወጣ ወንድ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ምኑን ሰው ሆነ! ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን መንገዱ አስፈሪ ሆነና አምና አንድም ሰው አልመጣም። ዘንድሮ የይለፍ ወረቀት ያገኙ ጥቂት ወንዶች ባለፈው ሳምንት ገብተዋል። የዘርፈሽዋል ባል ገሠሠ ከመካከላቸው የለም።

ገሠሠ አዲስ አበባ የአንድ እንግሊዛዊ ቆዳ ነጋዴ ዘበኛ ነበር። ከእንግሊዝኛው አንዲት ቃል ብቻ በደንብ ያውቅ ነበር፤ ይቺኑ አንዷን በየመስቀሉ አዲስ አድርጎ ያመጣታል። በመጀመሪያው ዓመት፣ “ጌታዬ ‘ኪፕ’ ሲለኝ በሩን ጠብቅ ማለቱ ነው” አላት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ፣ ከገበያ የተረፈውን ሳንቲም ሲመልስለት “ኪፕ” ብሎ ጣቶቹን እንዳጠፈለት ነገራት፤ ለራስህ ያዘው ሲል ነው። ቀጥሎ ዝም በል ለማለትም ይቺው ቃል ተገኘች። ከዚያም አብረው በዝናብ ሲጓዙ፣ እንዳትቆም፣ ቀጥል ለማለት።

“እንግሊዝ ድሃ ነው እንዴ? አንዲት ቃል ለስንት ነገር ያብቃቃታል!” ብላ ስቃበት ነበር።

“አማርኛውስ ‘ያዘ’ ሲል? ዝናብ ያዘ፣ ሌባ ያዘ፣ ጾም ያዘ፣ ሴቲቱ ፅንስ ያዘች ይላል።”

የመጨረሻውን ሲናገር እሷ ተነስታ እሳቱን ቆሰቆሰች። ልጅ አልነበራቸውም።

ቃሏ ከቤታቸው ወጥታ መንደሩን ዞረች። ሴቶቹ ገሠሠን ራሱን ‘ኪፕ’ ብለው ሰየሙት። ቆጮ ሊከትፉ ሲቀመጡ፣ “ኪፕ ዘንድሮ ምን ያመጣ ይሆን?” ብሎ መጀመር እንደ ጸሎት ሆነ። ካቻምና፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በጥቂት ወራት በደረሰው መስቀል ገሠሠ በመንደሩ ቆዳ ነጋዴ በሰይዶ በኩል መልእክት ላከ፦ ጌታው ወደ አገሩ ሲመለስ ቤቱን “ኪፕ” ብሎት ሄዷልና ጥሎ መምጣት አይችልም፤ ለሚመጣው መስቀል ይጠብቁት። ዘርፈሽዋል በዚያ ዓመት ከዊጆ፣ ሴቶቹ ቅቤ እያዋጡ በየተራ ከሚወስዱበት ማኅበር ማለት ነው፣ የደረሳትን ቅቤ በቅመም አንጥራ፣ የማሰሮውን አፍ በኮባ ቅጠል አስራ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም።

አምና እንኳ፣ ማንም ባልመጣበት መስቀል፣ “ኪፕ ሌላ አገኘ፤ አንቺን ረሳሽ!” እያሉ ሲያበሽቋት ነበር። ተቆጥታቸው ነበር። ዘንድሮ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቃሏን ያነሳ የለም።

ይህን ያስተዋለችው ገና አሁን ነው። ቢላዋዋን አቆመችና አንድ በአንድ አየቻቸው። ከሁሉም በላይ ቀልደኛዋ የሰይዶ ሚስት ዘይባ ነበረች፤ እሷ የማኅበሯን ቅቤ አድርሳ፣ ራሴን አመመኝ ብላ በጊዜ ሄዳለች። የባሏ ወንድም ወልደማርያም ደግሞ ትናንት ሳትጠይቀው የተፈለጠ ማገዶ ከደጇ ቆልሎ፣ “የሚያስፈልግሽ ካለ ንገሪኝ እህቴ” ብሏታል። ወልደማርያም በሕይወቱ እህቴ ብሏት አያውቅም። ስንት ዘመን በድንበር ሲነታረካት የኖረ ሰው ነው።

መርዶ በበዓል አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በማለዳ ከደጅ ቆመው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ የሰማ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል። ዘርፈሽዋል ደንቡን ታውቀዋለች፤ የጎረቤቷ የአሰፋሽ ወንድም የሞተ ጊዜ እሷም ከአሰፋሽ ጎን ተቀምጣ ቆጮ ከትፋለች። እንዲህ አንገቷን ደፍታ።

ብድግ አለች።

“ወዴት ነው?” አሉ እትዬ ወለተ ሐና።

“ዘይባ ቢላዋዋን ረስታለች። አድርሼላት ልምጣ።”

ሰይዶ ከደጁ ቁጭ ብሎ ቆዳ ያስራል። ሲያያት ገመዱን ለቀቀው።

“እንዴት ዋልክ ሰይዶ?”

“አልሀምዱሊላህ። ግቢ እህቴ፤ ዘይባ ጋደም ብላለች።”

“አልገባም።” ቢላዋውን ከቆዳው ላይ አስቀመጠችለት። ሞተ ወይ ብላ ለመጠየቅ አፏ አልታዘዝ አላት። “ሰሞኑን አዲስ አበባ ነበርክ አሉ። የገሠሠን ጌታ ደጃፍ አየኸው?”

“አይቼዋለሁ።”

“በሩ ላይ ማን አለ?”

“ቤቱን ጣሊያን ይዞታል። የእነሱ ወታደር ነው የቆመው።”

“ገሠሠስ? በሩን ጥሎ ሄዶ ነበር?”

ሰይዶ ዐይኑን ከቆዳው ላይ አላነሳም። “አልጣለም” አለ። “ምስኪን፣ ሽሽ ቢሉትም እሺ አላለም።”

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። ግንባሩን በእጁ መታ። “ያ አላህ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ!”

“መቼ ነው?”

“ካቻምና የካቲት ያ ሁሉ ሰው ያለቀ ጊዜ።” ገመዱን አንስቶ ጠመጠመ። “ጎረቤቶቹ በወጉ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቀብረውታል። መቃብሩን አሳይተውኛል። እኔ እንኳ ዛሬ አልነግርሽም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ መስቀል ካለፈ በኋላ ብለው ነው። ምን ብዬ ነው አሁን ፊታቸው የምቆመው?”

ዘርፈሽዋል ከቆዳው ክምር ላይ ተቀመጠች። ካቻምና የካቲት። ስለዚህ አምና በመስቀል፣ ሌላ አገኘ ሲሏት፣ በልቧ ስትቀናበት የነበረው ሰው አፈር ውስጥ ነበረ። ከሐዘኑ ይልቅ ይሄኛው ቀድሞ አቃጠላት።

“አልነገርከኝም” አለችው በመጨረሻ።

“ምን አልሽ?”

“አልነገርከኝም፤ እኔም አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ በቀናቸው ይምጡ።”

“እንዴት አድርገሽ ነው ብቻሽን የምትችይው?”

“እናንተስ እንዴት ቻላችሁት?” ብላ ተነሳች። “አገሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሰው የመጣለት። ልጆቹ አባቶቻቸውን ይዘው ደመራ ይለኩሱ። እኔ ለማልቀስ ቀሪ ዕድሜዬ አለልኝ።”

ሰይዶ ራሱን ነቀነቀ።

ስትመለስ መንገዱን ትታ በእንሰቱ መካከል አቆራረጠች። እንሰት ደግ ነው፤ ሰው ይደብቃል። መሐሉ ስትደርስ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ግንዱን አቅፋ አለቀሰች። ማዶ የመጡት ወንዶች ደመራውን ሲያቆሙ ጩኸታቸው ይሰማታል። እሷ ጋ የሚመጣ የለም። ከእንግዲህ በየዓመቱ መስቀል ይመጣል፤ እሷ ጋ ግን የሚመጣ የለም። ይህን ለማን ትናገር? መንደሩ ሁሉ እያወቀ፣ ማወቋን የሚያውቅ ከሰይዶ በቀር ሰው የላትም። በሕይወቷ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ሲወጣላት በእንሰቱ ቅጠል ሥር ያቆረውን የዝናብ ውሃ በእፍኟ እየጨለፈች ፊቷን ታጠበችና ወደ ቤቷ ገባች።

ሴቶቹ ቆጮውን ጨርሰው ለጎመን ክትፎው ጎመን ይዘዋል። ምድጃው ላይ የዘንድሮው ቅቤ ቀልጧል፤ ጥቂት ናት፤ ላሞቹ በዚህ ዓመት እምብዛም አልታለቡም።

“ዐይንሽ ቀላ” አሉ እትዬ ወለተ ሐና።

“የማገዶው ጢስ ነው። ወልደማርያም እርጥቡን ነው የፈለጠልኝ።”

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደሚለምን ሰው፣ “ልጄ፣ ቅቤው አላዳረሰንም። ያንን እንክፈተው ይሆን?” አሉ።

ዘርፈሽዋል ወደ ጥጉ ሄዳ ከማሰሮው ፊት ቆመች። እጇን በደረቀው ኮባ ላይ አሳረፈች። አሁን ብትከፍተው ማወቋን ያውቃሉ፤ እንባቸውን የያዙት ሁሉ እዚሁ ጎመኑ ላይ ይለቁታል፤ የመንደሩም መስቀል በዚሁ ያበቃል። በዓሉ አልፎ፣ ሽማግሌዎቹ ከደጇ ቆመው በሄዱ ማግስት ደግሞ፣ ከየአገሩ ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ይህን ቤት ይሞላል። ያ ሁሉ ሰው የገሠሠ እንግዳ ነው። ደረቅ ቆጮ በልቶ አይሄድም።

ዞር አለችና ከት ብላ ሳቀች።

“እናንተ ሆዳሞች! ኪፕ ሲመጣ ምን ላብላው?”

ቢላዋዎቹ ሁሉ ቆሙ።

“እንግሊዝኛውን ተሸክሞ ሲመጣ ቅቤህን እነ እትዬ ወለተ ሐና ጨረሱት ልበለው? በሉ ተውት!”

መጀመሪያ አንዷ፣ ቀጥሎ ሌላዋ ሳቀች፤ ከልክ በላይ ጮክ ብለው ሳቁ። እትዬ ወለተ ሐና ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው፣ “እውነትሽን ነው፤ ይቀመጥለት” አሉ።

ዘርፈሽዋል የላላውን የኮባ ማሰሪያ አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ቢላዋዋን አነሳችና ከመካከላቸው ተቀምጣ ጎመን ትከትፍ ጀመር።