ሙቀት የማይችል ድምፅ

ጌቱን ይቅር በይው ይሉኛል። ይቅርታ የእግዜር ነው፤ እሱ ከፈለገ ይበለው፣ እኔ አልልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ደግሞ የተወጋሁበትን ቦታ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው ጀርባ ትንሽ መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ስልክ፣ ቴፕ፣ ስፒከር፣ የመጣልኝን ሁሉ እከፍታለሁ። በሰርግ ወራት ደግሞ ድንኳን ለድንኳን እየዞርኩ የድምፅ ዕቃ እተክላለሁ። ጌቱ ጊታሪስት ነው። ጣቱ ይሠራል፣ አልዋሽም፤ ምላሱ ግን ጤፍ ይቆላል። አንድ ቀን ከመርካቶ በርካሽ የገዛትን የቻይና ፈዝ ፔዳል ይዞልኝ መጣ። ፈዝ ማለት በእግር የምትረገጥ፣ የጊታርን ድምፅ የምታሻክር ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። የሱ ግን አታሻክርም፣ ትነጫነጫለች። ሰክቼ ስሰማት ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የመሰለችኝ።

ከፈትኳትና ችግሯን አየሁት። ድምፁን የሚያሻክሩት ሁለት ትራንዚስተሮች አዲሶቹ፣ ርካሾቹ ናቸው። በነሱ ፋንታ የድሮ ሬዲዮ ውስጥ የነበሩት የጀርመኒየም ትራንዚስተሮች ቢገቡ ድምፁ እንደሚወፍርና እንደ መሲንቆ እንደሚያለቅስ ገባኝ። ዛሬ ጀርመኒየም ከየት ይገኛል? እኔ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የአባቴ ሬዲዮ ውስጥ።

አባቴ፣ ስሙ ቢያዝን፣ አምበር ከተማ ወፍጮ ቤት ነበረው። ሬዲዮዋን ከወፍጮው አጠገብ ካለው መደርደሪያ አያወርዳትም። ወፍጮው ሲጮህ ጆሮውን ለጥፎባት ይሰማል፤ እህል ያመጣ ሰው ሲያናግረው ዜናው ይለቅ ብሎ በእጁ ዝም ያሰኘዋል። እሱ ሲሞት ሬዲዮዋም ብዙ አልቆየች፣ ዝም አለች። እናቴ ወለተ ሰንበት ነጠላ አልብሳ ሳጥኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ አቧራ እንኳ ስጠርግላት ትቆጣኝ ነበር። ልክፈታት ብዬ ስለምናት ዘጋችኝ። ሰንብታ ሰንብታ ግን ራሷ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ውሰጂ" አለችኝ። "ግን ድምፁ የማን እንደሆነ ሳይነገር እንዳይጮህ።"

ስከፍታት ውስጧ የጤፍ ዱቄት ሞልቷል። ያን ሁሉ ዓመት የተነፈሰችው ዱቄት ነው። መድፋት አቃተኝና በወረቀት ጠቅልዬ ለእናቴ ሰጠኋት። ሁለቱን ትራንዚስተሮች የተበየዱበትን ቆርቆሮ በመበየጃ እያቀለጥኩ፣ እግራቸው እንዳይሰበር እየተጠነቀቅኩ አወጣኋቸው። ከአተር ፍሬ አይበልጡም። ፔዳሏ ውስጥ ስገጥማቸው የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ማገላበጥ ነበረብኝ፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ጌቱ ጊታሩን ሰክቶ አንዴ መታው። ኧረ የኔ አባት! መሲንቆና ወፍጮ የተጋቡ የሚመስል ድምፅ ወጣ። እኔ አለቀስኩ። ጌቱም ዝም አለ፣ የሱ ዝምታ ደግሞ ታምር ነው። ለአንድ ሰርግ ብቻ ልያዛት አለኝ። ከመጫወትህ በፊት የአባቴን ስም ትጠራለህ አልኩት፤ ምን ነካሽ፣ ይኸማ ሊነገረኝ ነው አለ። ሰጠሁት።

በዚያው ቀረ። ሆቴል ለሆቴል እየዞረ ተጫወተባት፤ ማርቆስ ሁሉ ስለ ጌቱ ድምፅ ያወራ ጀመር። ይባስ ብሎ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። ሱቄ ውስጥ የደንበኛ ሬዲዮ እየጠገንኩ ነው የሰማሁት። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ እየበየደ፣ እንደ መሲንቆ የሚያለቅስ ፔዳል ፈጠረ አሉ! ቆርቆሮ ከቅቤ የማይለይ ሰው! ደሜ ፈላ። ስደውልለት "ሳጥኑን የገዛሁት እኔ ነኝ" ብሎ ዘጋብኝ።

ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ዳኛው ዲማ ገዳም ቅኔ የተማሩት የኔታ አካለ ወልድ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማቸው፣ እኔም የማከብራቸው። ፔዳሏን አገላብጠው አዩዋት። መሬት ያለውና ዘር ያለው ተስማምተው የእኩል እንደሚያርሱት አድርገው ቆጠሩት። ሳጥኑ መሬት ነው፣ መሬቱ የጌቱ ነው። ከውስጥ ያለው ዘር ነው፣ ዘሩ የቢያዝን ነው። የተዘራ ዘር ደግሞ ተመልሶ አይለቀምም፣ የሚካፈሉት ምርቱን ነው። የኔታ፣ ይኸኛው ዘር እኮ ይለቀማል፣ በመበየጃ ይነሳል ብዬ ብለምናቸውም አልገባቸውም፤ ዘርቶ የለቀመ አላየሁም አሉኝ። ድምፅ በቁና ተሰፍሮ ስለማይካፈል፣ ጌቱ በተጫወተ ቁጥር የአባቴን ስም እንዲጠራ ፈረዱ። መስቀል ተሳልሞ እሺ አለ።

አንድም ቀን አልጠራም። መስቀል ተሳልሞ! እናቴ ሰው እየላከች ታስጠይቃለች፣ መልሱ ሁሌ አንድ ነው። ስሙን ሳይጠራ እንደሚጫወት በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔ አንጀቴ እያረረ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ግን ይዤ ነበር። ፔዳሏን ስሠራ የሱቄ መስኮት ላይ ረስቻት ፀሐይ መታቻት፤ ድምጿ ተቆራርጦ ጠፋ። ጀርመኒየም ሙቀት አይችልም። እርጥብ ጨርቅ ሳለብሳት ተመለሰች። ማርቆስ ብርድ ነው፤ ጌቱም የሚጫወተው ከመሸ ነው፤ ስለዚህ ይህን ነገር አያውቅም። መጀመሪያ ልነግረው አስቤ ነበር። በኋላ ግን ለክፉ ቀኑ አስቀመጥኩለት።

ቀኑ በጥር መጣ። ደምበጫ አቶ ደርቤ የሚባሉ ነጋዴ ልጃቸውን ሊድሩ የድምፅ ዕቃ እንድተክል ጠሩኝ። የሚጫወተው ማን ነው ስላቸው ጌቱ አሉኝ። ሙሽራው ያንን የሚያለቅስ ጊታር ካልሰማሁ ብሏል። ቀን በስድስት ሰዓት፣ በጥር ፀሐይ! ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጠዋት ቀድሜ ደረስኩ። ድንኳኑ ባንድ ወገን ክፍት ነው፤ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይዋ የት እንደምትገባ አይቼ የጌቱን ቦታ እዚያው ላይ አደረግሁት። ከእግሩ ሥር ጥቁር ቀለም የተቀባ ላሜራ አነጠፍኩለት። ከፔዳሏ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ገመድ አጭሩን መርጬ ሰጠሁት፤ ወዲያም ወዲህም እንዳይል። እሱ ዘግይቶ መጣና ምንም እንዳልተፈጠረ "ሔዋንዬ!" ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ዓይን አውጣ! እኔም ሳምኩት። ቦታው ይመችሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አመሰገነኝ።

ሙሽሮች ገቡ። ጌቱ ማይኩን ይዞ አሁን የምትሰሙት ድምፅ የራሴ ፈጠራ ነው አለ። ረገጣት። ድንኳኑ ተናወጠ፤ ሴቶች እልል አሉ፣ ወንዶች እስክስታ ወረዱ። እኔ ሚክሰሬ አጠገብ ቆሜ ፀሐይዋን ነበር የማየው። በላሜራው ጫፍ ገባች፣ እየተሳበች ፔዳሏ ላይ ወጣች፣ እዚያው ተቀመጠች።

መጀመሪያ ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስነጥሰው ጀመር። ከዚያ ትፍ፣ ትፍ እያለ ጠፋ። ጌቱ ደጋግሞ ረገጣት፣ ባትሪ ቀየረ፣ በጡጫ መታት። አጥፍቷት በባዶ ጊታር ሞከረ፤ ሙሽራው እጁን እያወዛወዘ ያንን፣ ያንን አለው። አቶ ደርቤ ተነሥተው እየተንጎራደዱ ወደ ጌቱ መጡ። የጌቱ ላብ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይሄን ለማየት ነበር የኖርኩት።

ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ወደ እኔ መጣ።

"ሔዋን፣ ምን ሆነች?"

"አንተ አይደለህ የሠራሃት? አንተ ታውቃለህ።"

"በናትሽ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

"የአባቴን ስም በማይክ ጥራ። የማን እንደሆነ ተናገር። ከዚያ መጥቼ አያታለሁ።"

ወደ አቶ ደርቤ ዞሮ አየ፣ ወደኔ ዞረ። ማይኩን አነሣና ይኼ ድምፅ የአምበሩ የአቶ ቢያዝን ነው፣ ከሳቸው ሬዲዮ የወጣ ነው፣ የሠራችውም ልጃቸው ናት አለ። ሰርገኛ ምን እንደሰማ መች ያውቃል? እልል አለ! ለአባቴ እልል አለ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ቂሜ ለቀቀኝ። እርጥቡን ጨርቅ ከቦርሳዬ አውጥቼ ልሠራለት ሄድኩ።

ተንበርክኬ ፔዳሏን ስይዝ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ እንዲህ አለኝ፦ "ቶሎ በይ እንጂ። ስሙን ጠራሁልሽ አይደል እንዴ?"

ጠራሁልሽ! እንደ ምጽዋት! የሞተውን አባቴን፣ ለኔ የዋለልኝ አስመስሎ፣ ለብልጭልጭ ዝናው ብሎ፣ እንደ ሳንቲም ወረወረልኝ። ጨርቁን አስቀመጥኩ። ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን አነሣሁ። መበየጃ ለማሞቅ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ የሽቦ መቁረጫዬን አውጥቼ ሁለቱን ትራንዚስተሮች ከሥራቸው ቆረጥኳቸው። ቀጭ፣ ቀጭ። እነሱን መዳፌ ውስጥ ይዤ ባዶውን ሳጥን ሰጠሁት።

"ይኸው መሬትህ" አልኩት። "እረሰው።"

አቶ ደርቤ ምንድን ነው ነገሩ ቢሉኝ፣ የሳቸው ሰርግ እንደማይበላሽ ነገርኳቸው። እውነቴንም ነበር፤ ሙሽሪት ምን በደለችኝ? የዘፈን ፍላሽ ሚክሰሩ ላይ ሰካሁ፣ ድምፁን ለቀቅኩት፣ ሰው እንደገና እስክስታ ወረደ። ሙሽራው እንኳ ረሳው። ጌቱ ጊታሩን ተደግፎ ከበላተኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሰርጉ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ተጫወት ያለው የለም።

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መዳፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው ያየሁት። በንዴት ስቆርጣቸው መቁረጫው ከሥራቸው በልቷቸዋል፤ የሚበየድበት እግር አልቀረላቸውም። ፔዳልም አይሆኑ፣ ሬዲዮዋም አትመለስ። ያን ድምፅ ከእንግዲህ ማንም አይሰማውም። እሱ ነው ያስቆረጠኝ አልኩ፤ አሁንም እላለሁ።

ስገባ እናቴ ራት አቅርባ እየጠበቀችኝ ነበር። ለሷ መንገሩ ነው የጨነቀኝ። ሁለቱን ፍሬዎች መዳፏ ላይ አስቀመጥኩና ከእንግዲህ እንደማይሠሩ፣ የቆረጥኳቸውም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። አገላብጣ አየቻቸው።

"ስሙን ጠራው?" አለችኝ።

"በማይክ ጠራው።"

"ሰው ሰማ?"

"እልል ብሎ ሰማ።"

"ያ ልጅስ አሁን በምን ሊጫወት ነው?"

"እንጃለት። በምንም።"

"ደግ አደረግሽ" አለችኝ። ፍሬዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸውና እጄን እንድታጠብ ውኃ አመጣችልኝ።