በቀይ እርሳስ ያልተሰረዘችው መንደር

አባቴ ኤርሜቴ ያየውን አገር ይሰርዛል። ይህን ሳልናገር ስለሌላው ነገር ማውራት አልችልም።

ቱሪን ባለው ቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንድ የመንገድ ካርታ ተለጥፎ ነበር። የአድሪያቲክን ባሕር ዳርቻና ከበላዩ ያሉትን ኮረብታዎች የሚያሳይ ነው። ነሐሴ መጥቶ ፋብሪካው ለሁለት ሳምንት ሲዘጋ ካርታውን ከግድግዳው ይነቅልና አጥፎ መኪናው ውስጥ ይከተዋል፤ ቀይ እርሳሱን ደግሞ ከጆሮው ጀርባ ይሰካል። ከዚያ እሱ፣ እናቴ ኒቬስ፣ ወንድሜ ቱሊዮና እኔ በዚያች ትንሽ መኪና ተጠቅጥቀን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሳንቴልሞ እንወርዳለን።

ሳንቴልሞ የምንከራየው ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስት ሁለት ክፍል ነበር። ባሕሩ ዳር ያለን ቦታም የታወቀ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ አርባ አንድ ቁጥር ጃንጥላ። ዓመት አልፎ ስንመለስ ግራና ቀኛችን ያሉት ሰዎች እንኳ ያው ነበሩ። አባቴ ልብሱን ከማውለቁ ቦቼ ተጫዋቾቹ ይጠሩታል። ከባድ ኳስ አሸዋ ላይ እየወረወሩ፣ የማን ኳስ ቀረበ እያሉ በገመድ እየለኩና እየተሰዳደቡ ይመሻል። እናቴ በዚያ ሁለት ሳምንት ባሏን የምታየው ከጀርባው ነው። ቱሪን ደግሞ የሌሊት ተረኛ ስለነበር እሱ ሲገባ እሷ ወደ ስፌት ሥራዋ ትወጣለች። ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ የዚያ ዕድሜ ልጅ እናቷ ምን እንደጎደላት የት ታውቃለች?

ማክሰኞና ሐሙስ ግን የጉዞ ቀን ነው። አንዱን ቀን በባሕሩ ዳር ወዳሉት ከተሞች፣ ሌላውን ቀን ኮረብታ አናት ላይ ወደተሰቀሉት መንደሮች። ሴቶቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የገለባ ባርኔጣ የሚሠሩበትን መንደር አይተናል። የደወሉ ግንብ የዘመመበትንም አይተናል። ወደቡ ላይ ያለችው ከተማ ደግሞ ሥጋ የተሞላ ወይራ እየተጠበሰ በወረቀት ጥቅል ይሸጥባታል። አባቴ አደባባዩን አንዴ ይዞራል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶ ጣራውን ያያል፣ ወጥቶ ካርታውን የመኪናው አፍንጫ ላይ ይዘረጋና በቀይ እርሳስ ይሰርዛል።

"አየነው፤ አለቀ" ይላል።

አለቀ ካለ አለቀ ነው። ቱሊዮ ለዚያ ወይራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያለቅስ ኖሯል።

"አባዬ፣ ወደ ወይራው ከተማ እንሂድ።"

"አይተነዋል እኮ ልጄ።"

"ወይራውን ግን በልቼ አልጠገብኩም።"

"መች ጥገብ አልኩህ? እይ ነው ያልኩህ።"

ያልተሰረዘች አንዲት መንደር ነበረች፤ ሞንቴ ሳልቪኖ። የዓሣ አጥማጁ ሚስት በመጀመሪያው ዓመት ለእናቴ አንዲት የሥዕል ካርድ ሰጥታት ነበር። እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሕፃኑ በሁለት እጁ ሎሚ ይዞ። ዋናው ሥዕል ሞንቴ ሳልቪኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው አለቻት። እናቴ ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አባቴም እወስድሻለሁ አለ።

ወሰዳትም። አሥራ አንድ ዓመት፣ በየነሐሴው አንድ ሐሙስ ወሰዳት። አሥራ አንዱንም ጊዜ በሩ ተዘግቶ ደረስን።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። መንደሩም አብሮ ይዘጋል፤ ሱቁ፣ ዳቦ ቤቱ፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ይላል። ሰው ምሳውን በልቶ ይተኛል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድመት እንኳ መንገድ አያቋርጥም። እኛ ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መነሳት ሲገባን አባቴ "አንድ ጨዋታ ብቻ" ብሎ ወደ ቦቼው ይሄዳል። እናቴ ደበርጃኑን በአይብና በቲማቲም ደራርባ እየጋገረች ነው።

"ሂድ ሂድ፣ ተጫወት፤ ይሄ ገና አልበሰለም" ትለዋለች።

አምስት ሰዓት ላይ እጁን አሸዋ አልብሶ ይመጣል። ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን ስንደርስ ሰባት ሰዓት። አባቴ ትልቁን የእንጨት በር በመዳፉ ይገፋል፣ ቆም ይልና ባርኔጣውን ያወልቃል።

"ተዘግቷል" ይላል፣ ልክ ዘንድሮ ክፍት እንደሚሆን ሰው ነግሮት እንደነበር።

"ተወው፣ ደረጃው ጥላ ነው" ትላለች እናቴ።

ደረጃው ላይ ጨርቅ ዘርግተን ደበርጃኑን እንበላለን። እሷ ጠርሙሱን ይዛ ውሃ ልትሞላ ትሄድና ቆይታ ትመለሳለች። ከዚያ አባቴ ጀርባውን በሩ ላይ ደግፎ ወሬ ይጀምራል። ቦቼ የለ፣ ጓደኛ የለ፣ የሚታይ ነገር የለ፤ ምን ያድርግ? ስለ ፋብሪካው አለቃ ያወራል፣ የአለቃውን አካሄድ ተነስቶ ያሳያል። እናቴን የተዋወቀበትን የዳንስ ቀን ያነሳል። እሷ "ውሸታም፣ ቀሚሴ አረንጓዴ ነበር" ትለዋለች፤ እሱ "ሰማያዊ ነው" ብሎ ይሟገታል። እኔና ቱሊዮ ድንጋዩ ላይ ተጋድመን እየሰማን እንቅልፍ ይወስደናል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን እናቴ ጨርቁን ማጠፍ ትጀምራለች።

"አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል እኮ" ይላል አባቴ።

"ሕዝቡ መንገዱን ሳይሞላው እንሂድ።"

"እንግዲያው በሚመጣው ዓመት ቀደም ብለን እንመጣለን።"

ካርታው ይወጣል። አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አንስቶ ሞንቴ ሳልቪኖን ያያትና መልሶ ይሰካዋል። ያላየውን አይሰርዝማ።

እያደግሁ ስሄድ ነገሩ ያበሽቀኝ ጀመር። አንዲት ሴት አንድ ነገር ብቻ ለማየት ፈለገች፤ ባሏ ግን በኳስ ጨዋታ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀረባት። እኔ ስናደድ የምናደደው ሁልጊዜ በእሱ ነበር። ከዚያ እኔም ቱሊዮም አገባን፣ የእናቴ እግር ደረጃ አልወጣ አለ፣ የሳንቴልሞው ጃንጥላ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ከቀብሯ መልስ አባቴ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥቶ ወጥ ቤት ተቀምጦ ሲያያት አገኘሁት።

"ያቺን በር ሳላስከፍትላት ሄደች" አለኝ።

አፌን ብይዘው ምን ነበረበት? አልያዝኩትም። "አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ቦቼው ቢቀርብህ ምን ትሆን ነበር?" አልኩት።

ካርዷን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰውየው ከሰው ተራ ወጣ። ሳህኑን ይዞ ተቀምጦ ምግቡ ይበርድበታል። ቱሊዮ ሐኪም አመጣ፤ ሐኪሙ ልቡም ሳንባውም ደህና ነው አለ። ልቡን ምን እንደነካው ግን እኔ አውቅ ነበር፤ የነካሁት እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ ካርታውን ይዞ ቤቴ መጣ። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አውቶቡስ ቀይሮ ብቻውን መጣ።

"ሎሬዳና፣ ውሰጂኝ። እኔ ገብቼ ልይላት። ሳላይላት ከሞትኩ ምን ብዬ ነው ፊቷ የምቆመው?"

በነሐሴ ወሰድኩት። ሳንቴልሞ አድረን ጠዋት በጊዜ ተነሳን። ደበርጃኑን ማታውኑ ሠርቼ አሳድሬዋለሁ፤ ምክንያት እንዳይኖር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሞንቴ ሳልቪኖ ደረስን። አደባባዩ ላይ ሰው አለ፣ ዳቦ ቤቱ ይሸታል፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ያቺ መንደር ሰው እንዳላት በሃምሳ ዓመቴ ገና አሁን አየሁ። ትልቁ በርም ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ የሻማ ብርሃን ይታያል።

አባቴ ሦስት ደረጃ ወጣና ቆመ።

"ግባ አባዬ።"

"ትንሽ ልረፍ።" ድሮ የሚቀመጥባት ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ካርዷን ይዟታል። "ውሃ አምጪልኝ።"

ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ቤት አንኳኳሁ። ሰማንያ የሚሆናት፣ ድንች የምትልጥ ሴትዮ ከፈተችልኝ፤ ኦንዲና ትባላለች። ጠርሙሱን አየች፣ በትከሻዬ በኩል አባቴን አየች፣ ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"የሰባት ሰዓቶቹ ሰዎች" አለች።

"ምን አሉኝ?"

"እኔማ ስም ስለማላውቅ እንደዚያ ነበር የምላችሁ። አንቺ ያቺ እግሯን ደረጃው ላይ ዘርግታ የምትተኛዋ ነሻ? እናትሽስ? አልመጣችም?"

ነገርኳት። አማተበች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እኔንም አስቀመጠችኝ።

"በየዓመቱ ውሃ ልትቀዳ እዚህ ትገባ ነበር" አለች። "በመንገድ የቀለጠ ቸኮላት ታመጣልኛለች፤ በማንኪያ ነበር የምንበላው። በመጀመሪያው ቀን፣ 'እመቤት፣ ሥዕሉን ለማየት ከመጡ ልክፈትልዎ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው' አልኳት። ያው፣ እዚያ ሚስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው።"

ሚስማሩን አየሁት። ቁልፉ አንድ ክንድ ይሆናል።

"እና?"

"እምቢ አለቻ። 'ተይው፤ ባሌ ያየውን ይሰርዛል' አለችኝ። 'ይህን በር ከከፈትሽው ሥዕሉን አይቶ ይሰርዘዋል፤ ከዚያ እዚህ ዳግም አያመጣኝም። ዓመቱን ሙሉ ባሌ ከእኔ ጋር የሚያወራው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።' በየዓመቱ እጠይቃታለሁ፤ በየዓመቱ 'ዘንድሮም ተይው' ትለኛለች። አንድ ጊዜማ፣ አትፍረጂብኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ልከፍት ስወጣ ጨርቁን እያጠፈች በዓይኗ አባረረችኝ።"

ድንቹን እያየሁ ቀረሁ። 'ሂድ ተጫወት፣ ገና አልበሰለም።' ደበርጃን እኮ በአንድ ሰዓት ይበስላል። እናቴ የስፌት ሴት ናት፤ አንድ ነገር ስታስብ ክሩ አይታይም። እኔ ደግሞ በማያውቀው ነገር አባቴን ስቀጣው ኖሬያለሁ፤ ያውም ከቀብሯ መልስ።

ውሃውን ይዤ ወጣሁ፤ ኦንዲናም ተከተለችኝ። አጠገቡ ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ስጨርስ ኦንዲናን ቀና ብሎ አያት።

"እውነት ነው?"

"ይህ ሥዕል ምስክሬ ነው" አለችው፣ እጁ ላይ ወዳለችው ካርድ እያመለከተች።

ካርዷ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ እጁን ያዝኩት። እየሳቀ ነበር። ውሃው ሸሚዙ ላይ እስኪፈስ ሳቀ።

"አታላይ!" አለ። "አየሽ ይህችን አታላይ! እኔ እኮ እየተሸነፍኩም ቢሆን ቦቼውን ጥዬ ልመጣ እያልኩ፣ ቱሊዮን ልካ 'ተጫወት ብላለች' ታስብለኝ ነበር።" ከዚያ ለቅሶውም መጣ፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። እኔም "ይቅር በለኝ አባዬ" አልኩት። "ስለ ምኑ?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ረስቶት ይሁን ትቶልኝ አላወቅሁም።

ፊቱን በመሃረብ ጠረገና ወደ ኦንዲና ዞረ።

"እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንን በር ቢዘጉልን?"

"ገና አምስት ሰዓት እኮ ነው። ቄሱ ምን ይሉኛል?"

"ሰባት ሰዓት ነው ይበሏቸው።"

ኦንዲና እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ገባችና ቁልፉን አመጣች። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ፤ እኛ እኮ ተዘግቶ እናገኘው ነበር እንጂ ሲዘጋ ሰምተነው አናውቅም። አባቴ ጀርባውን ደገፈበት። ጨርቁን ዘረጋሁ፣ ደበርጃኑን ከፈትኩ። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁለቴ ጨምሪልኝ አለኝ። ስለ ፋብሪካው አለቃ አወራ፤ አካሄዱን ተነስቶ ማሳየት ስላቃተው በሁለት ጣቶቹ ድንጋዩ ላይ አሳየኝ። ስለ ዳንሱ ቀን አወራ።

"ቀሚሷ አረንጓዴ ነበር" አለ።

መንደሩ ምሳውን በልቶ ተኛ። እሱ ማውራቱን አላቆመም፤ እኔም ድንጋዩ ላይ ተጋድሜ ሰማሁት። ስነሳ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ጨርቁን ማጠፍ ጀመርኩ።

"አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል እኮ" አለ አባቴ።

"ሕዝቡ መንገዱን ሳይሞላው እንሂድ።"

እያየኝ ቀይ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወረደ፤ አገላበጠውና መልሶ ሰካው።

"እንግዲያው በሚመጣው ዓመት ቀደም ብለን እንመጣለን" አለኝ፤ እንዲነሳም እጄን ሰጠሁት።