በባዶ ሆድ

አንጣሪዋ ብልቃጧን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ስትከት በሩ ተከፈተ።

"ገና አልሄድሽም?" አሉ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ቦርሳቸውን እንዳነገቱ።

"ማሽኑን እያጠብኩ ነው፣ ዶክተር።"

"ያንቺ ቅቤ ማንጠር መቼም አያልቅ!" ብለው እየሳቁ ወጡ።

"አንጣሪዋ" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ሥራዋ ስብ ማቅለጥ ነው። የቀለጠው ስብ ውስጥ የቫይረስ መድኃኒት ትጨምራለች፣ ከሙቅ ውሃ ጋር ታዋህደዋለች፤ ከዚያ ማሽኑ በኃይል እየጨመቀ ዓይን ወደማያየው ቅንጣት ይሰባብረዋል። የሚወጣው ነገር ወተት ይመስላል፤ ኪሷ የገባችው ብልቃጥ የያዘችውም እሱን ነው። መድኃኒቱ ውሃ አይወድም፤ ለብቻው ሲዋጥ አብዛኛው ሳይሟሟ ከሆድ ይወጣል። ስብ ውስጥ ሲደበቅ ግን አንጀት እንደ ምግብ ይቀበለዋል። ይህ እስካሁን የታየው በአይጥ ላይ ነው። ሰው አልቀመሰውም።

ታላቅ ወንድሟ ግን ሊቀምሰው ቆርጧል። እሱ የሚውጠው ያንኑ መድኃኒት ነው፣ በተራ እንክብል። በቀደም ሐኪሙ የደሙን ውጤት አይቶ "ቫይረሱ አልቀነሰም" ብሎታል። "በሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ አልያዘልህም ማለት ነው። እንቀይር ብንል ደግሞ ሌላው እዚህ አይገኝም።"

ቤት ስትደርስ ከጋራዥ እንደመጣ፣ በቱታው፣ ወጥ ቤት ተቀምጦ ጠበቃት።

"አመጣሽው?"

ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ግን አላነሳችም።

"ወይ እህት ዓለም! ስታወሪልኝ የከረምሽው ስለዚች ጠብታ ወተት ነው?"

"ወንድም ጋሼ፣ እስካሁን የጠጣው አይጥ ነው።"

"እኔስ ከአይጥ በምን እበልጣለሁ? ይልቅ ተዘጋጅቻለሁ። የዛሬዋን እንክብል ትቻታለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮም እህል አልቀመስኩም።"

"እህሉን ለምን?"

"ለምን ይባላል? መድኃኒት ጉልበት የሚኖረው በባዶ ሆድ ነዋ። እንክብሉንም የምውጠው እንዲሁ ነው፤ ከምግብ ጋር አላሻማውም።"

ብልቃጧን ወደ ራሷ ሳበች።

"ከመጀመሪያው ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው። ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳያየኝ።"

"ጠርሙሱ ላይ 'ከምግብ ጋር' ይላል እኮ!"

"የቱ ጠርሙስ ላይ?" ከኪሱ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ወረቀቱ ተልጦ የሙጫው እድፍ ብቻ ቀርቷል። "ጋራዥ ውስጥ ሰው እንዳያነብብኝ ወዲያው ነው የምልጠው።"

"ፋርማሲ ያለችውስ አልነገረችህም?"

"ትነግረኝ ይሆናል። አንገቴን ደፍቼ እቀበላትና፣ የሚያውቀኝ ሰው ሳይመጣ ውልቅ ነው።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት በስብ ስትጠቀልል ትውላለች፤ ወንድሟ እንዴት እንደሚውጥ ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

"ታዲያ ልጠጣት?" ብሎ እጁን ሰደደ።

ብልቃጧን ቀድማ አንስታ ኪሷ ከተተች። ነገ ለዶክተሩ ራሷ ትመልስላቸዋለች፤ የሚሉትንም ትሰማለች። ተነሥታ ምድጃውን ለኮሰች፣ መጥበሻ ጣደች፣ ቅቤ በትልቁ ማንኪያ ጨመረች። ትንሽ አሰበችና ደገመችው።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ላነጥር።" እንቁላሉን መጥበሻው ጠርዝ ላይ ሰበረችው። "እንክብልህን አውጣ። እኔ ሳልልህ ግን እንዳትውጣት።"