አባቷ አትንገሪ ያሉት

«ጨረሩ ነው እንጂ የፈጃቸው፣ ከዚህስ በእግራቸው ነው የወጡት» አለች ጎረቤታቸው ይርጋነሽ፣ ጎኗ ለተቀመጠችው ሴት። በሹክሹክታ ነበር ያለችው፤ ድንኳኑ ግን ድንገት ዝም ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማት።

ወይንእሸት ሻይ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች አንገቷን ደፍታ አለፈች። አባቷ አቶ የኔሰው ከተቀበሩ ወዲህ ጆሮዋ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ልጅቱ አዲስ አበባ ወስዳ በጨረር አስጠበሰቻቸው፤ ቆሽታቸውን አሳረረችው፤ እናቷ ሄጄ ላስታምም ቢሉ እንኳ ከለከለቻቸው። መልስ አጥታ አይደለም ዝም ያለችው። በማርያም ስም ምላ ነው።

«ከሞጣ እንግዳ መጣ!» ተባለና ሰው ተነሣ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ሞጣ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ የአባቷ የልብ ወዳጅ። አቶ የኔሰው ከቢቸና ሞጣ አውቶቡስ ሲነዱ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ምሳቸውን የሚበሉት እሳቸው ቤት ነበር። መንገድ ተዘግቶባቸው ለቀብሩ አልደረሱም።

«የኔሰው! ወንድሜ!» እያሉ ገብተው አምርረው አለቀሱ። ለቅሶው በረድ ሲል ወይንእሸት ሻይ ይዛ ጎንበስ አለችላቸው። ቀና ብለው ሲያዩዋት ዓይናቸውን ትክ ብላ አየችው።

የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷቸዋል። እያወሩ ክንዳቸውን ያካሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንገታቸውን። አባቷንም የጀመራቸው እንዲሁ ነበር።

«ጋሼ፣ ሻዩ እኮ ቀዘቀዘ።»

«ተይው ልጄ፤ ሰሞኑን እህል ውሃ አላሰኝ ብሎኛል።»

«ያምዎታል እንዴ?»

«እዚህ ጋ ትንሽ» አሉ ከእንብርታቸው ከፍ ብለው እየነኩ። «ወደ ጀርባዬ ይዘልቃል። ብርድ ነው።»

«ለሐኪም አልታዩም?»

«አብዱልሐኪም ልጄ ባሕር ዳር ካልሄድን እያለ ይጨቀጭቀኛል። የኔሰውን አንጀቱን አቃጥለው እንደላኩት እየሰማሁ? እኔስ ቤቴ ብሞት ይሻለኛል።»

«እውነትዎን ነው» አለች ይርጋነሽ።

ወይንእሸት ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

አባቷ ንጹሕ ሰው ነበሩ። ጭቃ የረገጠ ጫማ ይዞ አውቶቡሳቸው ላይ የሚወጣ ተሳፋሪ ወዮለት። የሸሚዛቸው አንገት አንድ ቀን አድፎ አያውቅም። ቆሽታቸው ላይ ካንሰር መኖሩ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ለቀዶ ሕክምና አልፎበታል ተብለው፣ ሕመሙን ያስታግስ ተብሎ የጨረር ሕክምና ታዘዘላቸው። መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። «ይኸው ነው እንዴ? መብራት እኮ ነው» ብለው ስቀውበት ነበር። ኋላ ግን የጎረሱትን ሁሉ ያስመልሳቸው ጀመር። ሆዳቸው ይቆርጣቸዋል፤ ተቅማጡ ፋታ አይሰጥም።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አመለጣቸው። ሰው ሁሉ እስኪወርድ ከተቀመጡበት አልተነሡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ እንደ ተቀጣ ሕፃን ተቀመጡ። ለታክሲው ሹፌር ፊታቸውን ማሳየት አቃታቸው፤ እሳቸውም ሹፌር ናቸውና።

ቤት ሲገቡ እጇን ያዟት። «ይህን ለሰው እንዳትነግሪ። ለእናትሽም ቢሆን። ሸዋነሽ እንዲህ ሆኜ አታየኝ። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አለች።

ከድንኳኑ ወገን ድምፅ ተሰማ። ጋሽ እንድሪስ መንገዱ ሳይዘጋ ልሂድ እያሉ ነው። ወይንእሸት ብድግ አለች። የማለችውን ማፍረስ ያስፈራታል፤ አባቷን በሰው ፊት ማዋረድ ከዚያም በላይ ያስፈራታል። እነዚያ ቢጫ ዓይኖች ግን እንዲሁ ሞጣ ከገቡ የሚቀጥለው ድንኳን የት እንደሚተከል ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች ገና ከበሩ። «አባዬ ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ያለው ነገር አለ።»

እናቷ ወይዘሮ ሸዋነሽ ከምንጣፉ ላይ ቀና አሉ።

«ጨረሩ አላሠቃየውም አልልም። ያስመልሰው ነበር። ሆዱን መያዝ አቅቶት...»

«ኧረ ዝም በይ! የሞተ ሰው ገመና!» አለች ይርጋነሽ።

«ታክሲ ውስጥ እንኳ አመለጠው» አለች ወይንእሸት። «ሐኪሙ ግን ቀድሞ ነግሮን ነበር። ጨረሩ ሆድ ላይ ስለሚያርፍ አንጀቱንም ይነካዋል፤ ካበቃ በኋላ ቀስ እያለ ይተወዋል ብሎ። ማስታገሻ ሰጠን። ቅባትና በርበሬ ትተን፣ በትንሽ በትንሹ እያጎረስኩት፣ ሆስፒታል የሰጡንን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውሃ በጥብጬ እያጠጣሁት አለፈ። እውነትም ተወው። ያ ብርድ ልብስ የሚያስነክሰው የጀርባው ሕመም ለቀቀው። በጀርባው ተኝቶ አደረ። ሽሮ አምጪ አለኝ። እናንተም አይታችሁታል፤ እዚህ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ከርሟል። የገደለው በሽታው ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ‹ብርድ ነው› እያለ የቆየበት ጊዜ ነው።»

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ።

«የእኔም ያ ነው ትያለሽ?»

«አላውቅም። የሐሞት ጠጠር ይሆናል፤ ጉበት ይሆናል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፈርቻለሁ ግን ጋሼ።»

ሽማግሌው የሰፋቸውን ኮት ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«እኔም እኮ ፈርቼ ነው» አሉ። «ፈርቼ እንጂ ብርድ አለመሆኑንስ አጥቼው ነው?» ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «አብዱልሐኪም፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ ባሕር ዳር ውሰደኝ... አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሲሸኟቸው ሰው ሁሉ ወጣ። ወይንእሸት ብቻ ከእናቷ ጋር ባለችበት ቀረች። እናቷን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም፤ እርግማን ጠበቀች።

«እኔ ደግሞ ጠልቶኝ ነው እል ነበር፤ አትምጪ ያለኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ።

ወይንእሸት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ልብሱን ማን ነበር የሚያጥብለት?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

እናቲቱ በምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቁ ቀረቧት። ሁለቱንም እጆቿን ያዙ፤ ገለበጧቸው፤ መዳፎቿን አንድ በአንድ ስመው ፊታቸውን ቀበሩባቸው።