የዳኜ ጽዋ

ወንድሜ ዳኜ ሰክሮ ገደል ገብቶ ሲሞት ልጁ ምንተስኖት ገና አልተወለደም። እናቱም ጡት ሳታስጥለው አረብ አገር ሄዳ በዚያው ቀረች። እኔ ነኝ ሞላሌ ገበያ፣ ግንብ ተደግፌ የሱፍ ባና እየሸጥኩ ያሳደግኩት። ፎቶ የለ፣ ወሬ የለ፤ ስለ አባቱ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ታዲያ የአባቱን ዓመል ማን አስተማረው?

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰ ሰሞን ጀመረው። የትም ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። በግራ ትከሻው በኩል ቀስ ብሎ ዞሮ ያያል፣ ቀኝ ጆሮውን ያሻል፣ ደግሞ ይዞራል። ዳኜ ቁርጥ እንዲሁ ነበር። አንድ ከሰዓት ሱፍ ስፈትል አጠገቤ ተቀምጦ፣

«እቴቴ፣ ከኋላዬ የቆመው ማነው?» አለኝ።

እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። ቃሉ የወንድሜ ነው፤ ድምፁም የወንድሜ ነው።

«ማን ይቆማል! አርፈህ ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩበት። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ዓመሌ ነው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ጽናት የጎረቤቴ ልጅ ናት። ብዙ ከጠየቀችው በኋላ እሱን ውጭ አስቀምጣ እኔን አስገባችኝ።

«ጭንቀት ነው፣ እትዬ ደብሪቱ። በዘር ሊመጣ ይችላል። አባቱስ እንዴት ነበር?»

«አባቱን አረቄ ገደለው።»

«አረቄውን በምን ጀመረው?»

ዳኜ በማኅበር የመጀመሪያዋን ጽዋ ሲቀምስ አጠገቡ ነበርኩ። ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ በራ፣ «ሄደ» አለ። ያ ከኋላው የቆመው ማለቱ ነው። በማግስቱ ተመልሶ መጣበት፤ ዳኜም እስኪሞት ድረስ እየጠጣ ሲያባርረው ኖረ። ይህንኑ ነገርኳት።

«ዘር ዕጣ አይደለም፤ ሕክምና አለው፣ እንከታተለዋለን» አለች። «ግን እንዲህ የሚጨነቅ ልጅ መጠጥ ሲቀምስ ለጊዜው ቅልል ይለዋል። የምትይዘው ያቺ እፎይታ ናት። በዚህ ዕድሜው ባይቀምስ ይሻላል።» ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎስ? ደማችሁ አንድ ነው።»

«እኔ ጠጥቼ አላውቅም» አልኳት። የጠየቀችኝ ግን ስለ መጠጥ አልነበረም።

በእኛ የሚካኤል ማኅበር የሞተ ሰው ቦታ አይሰረዝም። ልጁ እስኪደርስ ድረስ ጽዋው ጠላ ተቀድቶበት በባዶው መቀመጫ ፊት ይቀመጣል። የዳኜ ጽዋ ሲነሳ ሁልጊዜ ጎደል ብሎ ይገኛል። «ሸክላ ነው፣ ይመጥጠዋል» ይላሉ ሽማግሎቹ። የሌሎቹን ሙታን ጽዋ ሸክላው ለምን እንደማይመጥጠው ጠይቄ አላውቅም።

ኅዳር ሲገባ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ኪዳነ ወልድ ቤቴ መጡ።

«ልጁ ደርሷል። የአባቱን ጽዋ ይቀበል።»

«በውኃ ይሁንለት፣ ጋሽዬ፤ እባክዎ።»

«የመልአኩን ጽዋ በውኃ?» ሳቁ። «አይዞሽ፣ ዘር ከልጓም ይስባል!»

መመረቃቸው ነበር። ለእኔ ግን እርግማን ነበር።

ምንተስኖትን አትሂድ ብዬ ስለምነው፣ «የአባቴ የሆነ ሌላ ምን አለኝ?» አለኝ። አንጀቴን በላው።

በኅዳር ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ደጁን ሞልቶት ነበር። ምንተስኖት ማንም ሳያሳየው ሄዶ በአባቱ ቦታ ተቀመጠ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጠ፣ በግራ ትከሻው ዞረ፣ ቀኝ ጆሮውን አሸ። ዳኜን የሚያውቁት ሁሉ አማተቡ። ሙሴው ጽዋውን ሰጡት። ወደ አፉ ሲያስጠጋው ዘልዬ ተነሳሁ።

«ይህ ቦታ ከዳኜ በፊት የአባቴ ነበር! እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። የምወርሰው እኔ ነኝ!»

ጉርምርምታ ሆነ። ጋሽ ኪዳነ ወልድ ጥቂት አሰቡ።

«ደንቡ አይከለክልም። የወረሰ ግን ይጠጣል።»

«እጠጣለሁ።»

ከልጁ እጅ ተቀበልኩት። አተረፍኩት ብዬ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሱን አስነስቼ ተቀመጥኩ፤ እኔም ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጠሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላዬ የሚቆም አለ። ለዳኜም፣ ለነፍስ አባቴም፣ ለጽናትም አልተናገርኩም። ገበያ ግንብ ተደግፌ የምውለው ለዚሁ ነው። የምቆጣውም ትንፋሹን ላለመስማት ነው።

ጠጣሁ። ጌሾው መራራ ነበር። ትከሻዬ ወረደ። ከኋላዬ የነበረው አንድ ሁለት እርምጃ እያለ ሲርቅ ሰማሁት፤ ከዚያ ጸጥ አለ። በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ጸጥታ አላውቅም፤ ዕንባዬ መጣ።

«ሄደ» አልኩ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ምንተስኖት ብቻ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እቴቴ» አለኝ እጁን ዘርግቶ፣ «ጽዋውን መልሺ እንጂ።»

ልመልስለት ነበር። ግን ባዶ መሆኑን አየሁና አስቀድሜ፣ «ድገሙኝ» አልኩ።