ቅቤ የሚቀባው መጥረቢያ

በቤታችን ሦስት መጥረቢያ ነበር። ምሳሩ አንገቱ ወፍራም ነው፣ ግንድ ይሰነጥቃል። ፋሷ ለአጥር ጭራሮ ናት። ሦስተኛው የአማቴ ነው፤ ስለቱ ስስ፣ እጀታው ረዥም። የተሠራው ለሰው አንገት እንጂ ለግራር አይደለም። ዋሽቼ ምን ላገኝ!

አማቴ ሊሞት ሲል «እንጨት እንዳይነካ፤ ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ስታደርጉ ቅቤ ቀቡት» ብሎ ተናዘዘ። ቀባን። ባሌም ከሞተ በኋላ ከልጄ ከጀይላን ጋር ቀባን። ደርግ መጥቶ «መሣሪያ የደበቀ ይረሸናል» ሲልም፣ ጠመንጃ የሌለን እኛን ምን አገባን ብለን ቀባን። አይ ጅልነት!

አንድ ዓርብ ጧት አብዮት ጥበቃዎች ጨፋ ሮቢት ካለው ግቢያችን ገቡ። አለቃቸው ቃሲም ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ንፍጡን በነጠላዬ የጠረግሁለት። መጥረቢያውን ከማገሩ አወረደና መዳፉን አየ። በቅቤ ወዝቷል።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ» አለ ጀይላን፣ ቀድሞኝ። ወዲያው የፊጥኝ አሰሩት።

«ፍታው!» አልኩ። «እንጨት መፍለጫዬ ነው።»

ቃሲም ሳቀ። «እማ አሻ፣ እንጨት መፍለጫ ቅቤ ይቀባል? እኔ እኮ እዚሁ ነው ያደግሁ።»

«ያደግኸውማ በኔ ገንፎ ነው።»

«እንግዲያው ፍለጪበት።» በጠመንጃው አፈሙዝ ደጃፉ ላይ ወደተጋደመው የግራር ጉማጅ አመለከተ። «አለዚያ ጀይላን ከሚሴ ይወርዳል።»

በዚያ ዘመን እየታሰረ ከሚሴ የወረደ ሲመለስ አላየሁም።

«ዲሲ! ተይው እማ!» ጮኸ ጀይላን። «የአያቴን ኑዛዜ እንዳታፈርሺ!»

ስስ ስለት ደረቅ ግራር እንደማይችል አውቃለሁ። ቃሲምም ያውቃል፤ የሚጠብቀው መሰበሩን ነው። እጀታው በቅቤው አዳለጠኝ። ነጠላዬን ጠቀለልኩበትና «ቢስሚላህ» ብዬ፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጣልኩት።

ቀጭ! ግማሹ ስለት ተገንጥሎ ቃሲም እግር ሥር ወደቀ።

«አላልኩም!» አለ ቃሲም ወደ ጓዶቹ ዞሮ። «የእንጨት አይደለም!»

«አዎ፣ አይደለም» አልኩት። «አሁን ደግሞ የጦርም አይደለም። ይኼን ድዳም ብረት ይዘህ፣ ለአለቆችህ ከመበለት ማረክሁ ልትል ነው? በል፣ ቅቤውን እንዳትረሳ!»

አንዱ ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ቃሲም ፊቱ ጠቆረ። ጠመንጃውን አነሳ። ትከሻው ላይ አንግቶ «ፍቱት» አለና ቀድሞ ወጣ።

ጀይላን የተገነጠለውን ስለት አንስቶ በእጁ ያዘ። አላየኝም።

«አያቴን ገደልሽው።»

«እሱስ ድሮ ሞቷል» አልኩት። «ይልቅ ምሳሩን አምጣና ጉማጁን ጨርስልኝ።»