ወደ መርሐቤቴ አንድ ጣት

የሞላሌው ዲሽ ሠሪ አንዷለም ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቱንም ጊዜ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ነው። አንድ ጊዜ በድስት ክዳን የብራዚልን ጣቢያ ይዤ የተጫዋቾቹ ላብ ሸተተኝ ብሎ በታቦት ምሏል።

የዚያን ቅዳሜ ግን ወሬ የሚያወጣው አልሆነም። አርሴናልና ማንችስተር ሊጋጠሙ ነው። የእትዬ በለጠች ጠላ ቤት ባርኖስ በደረበ ሰው ጢም ብሏል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ብሩ የሚባል ጎረምሳ ሰፊ ቴሌቪዥን አምጥቶ አዲስ ቤት ከፍቷል። ዛሬ ካልታየ ደንበኛው ጠቅልሎ መሻገሩ ነው።

«አንተ፣ ደህና የነበረውን ሪሲቨር ምን ልሁን ብለህ ነካካኸው?» አሉ እትዬ በለጠች።

«አልነካካሁትም፣ እትዬ። አሮጌውን ሶፍትዌር አውጥቼ አዲስ ጫንሁለት። አዲስ አንጎል በሉት።»

«ታዲያ አዲሱ አንጎል ምነው ሰማያዊ ብቻ አሳየን?»

«ሰማይ እየቃኘ ነዋ!»

ቤቱ ሳቀ። እትዬ በለጠች ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ከበሩ አልተነሳም። አንዷለም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ቁጥር ከዜሮ ወደ መቶ ይቆጥራል።

«ምን ይላል?» አለው ከጎኑ የተቀመጠው ተገኘ።

«ሞላሌዎች፣ እንዴት ዋላችሁ ነው የሚለው።»

ግድግዳው ላይ አምና ራሱ አንዷለም በካርቶን የጻፈው መመሪያ ተለጥፏል፦ ስክሪኑ ሰማያዊ ሲሆን ዲሹ አንድ ጣት ወደ መርሐቤቴ ይዙር። ነፋሱ ዲሹን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋው፣ እንዲህ ወደ ምዕራብ መመለሱ ለአሮጌው ሶፍትዌር ፍቱን ነበር። ማዞሩ የጋሼ ዳኜ ሥራ ነው። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ትእዛዝ ማለት ትእዛዝ ነው። ጣሳቸውን ይዘው ውጭ ይቆማሉ፤ በመስኮት ሰማያዊ ካዩ ዲሹን ያዞራሉ፤ ካዞሩም ይጮኻሉ፤ ከጣሳቸው ተጎንጭተው ደግሞ ያያሉ።

ቁጥሩ ዘጠና ደረሰ።

«ዞረ!» አሉ ጋሼ ዳኜ።

ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። እንደገና እያዘገመ ወጣ፤ ዘጠና ላይ ሲደርስ ያው «ዞረ!» ተሰማ፤ ተመልሶ ዜሮ።

«አንዷለም፣ አንድ ለአምስት ተደራጅተን ብንፈልገው አይሻልም?» አለ ተገኘ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ።

ያኔ ነው ነገሩ ለአንዷለም የገባው። አዲሱ ሶፍትዌር ጣቢያውን ራሱ ይፈልጋል፤ ሰማያዊው «ጠፋብኝ» መሆኑ ቀርቶ «ታገሡኝ» ሆኗል። ሊይዘው ሲል ጋሼ ዳኜ በመመሪያው መሠረት ይነጥቁታል። መመሪያውን መቀየር ረሳሁ ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከመናገር ግን ገደል ቢገባ ይመርጣል። ወጣ። ዲሹ መርሐቤቴን አልፎ ጎጃምን ያያል። ወደ ቦታው መለሰው።

«ጋሼ ዳኜ፣ እርስዎ ለትልቅ ሥራ ታስበዋል። ብሩ ዲሽ የሚጠብቅለት ሰው የለውም።»

«ምስኪን! መመሪያው እዚያም ያው ነው?»

«ያው ነው። የሱ ሶፍትዌር እስካሁን አሮጌው ነው።»

«ያለ መመሪያማ እጄንም አላነሣም» ብለው ጣሳቸውን ጨልጠው ተሻገሩ።

ቁጥሩ ዘጠናን አለፈ፤ መቶ ሞላ። ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ሲል ጣሪያው በጩኸት ሊነሣ ደረሰ።

ጨዋታው ሲግል የሞላሌ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመለሰ። እዚህም ማዶም ስክሪኑ ሰማያዊ። አራት ጎረምሶች ወደ ዲሹ ሊሮጡ ሲሉ አንዷለም በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«አንድ ሰው ንክች ያድርገውና! ስታዩት ያፍራል!»

እትዬ በለጠች ስእለት ተሳሉ። ቁጥሩ ተጎትቶ ተጎትቶ መቶ ገባ፤ ኳሷ ተመለሰች። ወዲያው ከማዶ «ዞረ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ተከትሎት፣ ነፋስ ያልነካው ዲሽ የዞረበት የብዙ ሰው ዋይታ። ቆይቶ ደግሞ «ዞረ!»

ሰው መንገዱን እየተሻገረ ይጎርፍ ጀመር። እትዬ በለጠች አግዳሚ አልበቃ ቢላቸው የማዳበሪያ ጆንያ እየዘረጉ አስቀመጡ። በመጨረሻ ራሱ ብሩ ሪሞቱን እንደያዘ ገባና ወደ አንዷለም ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ፣ ያንን አዲሱን ለእኔም ጫንልኝ።»

«እጭንልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ጋሼ ዳኜን አሳርፋቸው።»

«ኧረ ተው! ዛሬ ሰው ሁሉ ሲከዳኝ እሳቸው ብቻ ናቸው ያልተለዩኝ። አሁንም ብርዱ ላይ ቆመው እያዞሩልኝ ነው።»